በረሃውን በብስክሌት፣ አንገቴን በሻሽ

ያን ቀን ከበረሃው እስከ ደጋው አፋፍ፣ እግሬ አንድ ጊዜ እንኳ መሬት ሳይነካ ያን ዳገት የወጣሁት እኔ ነበርኩ ወይስ በሽታዬ? ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፤ መልሱን አላገኘሁትም። ያከመኝን ሐኪም ብጠይቀው «ሁለታችሁም» ብሎ ስቆብኛል። እኔ ግን በእንዲህ ያለ መልስ የምረካ ሴት አይደለሁም። ደስታው የማን እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅማ!

ይህን የምጽፈው ግን ለጥያቄው ብዬ ብቻ አይደለም። አንገታቸውን ለሚሸፍኑ ሴቶች ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ ቀስ እያልኩ እነግራችኋለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ገጠር ውስጥ የሰው ሚስት ነበርኩ፤ ትዳሩ አልሆን ሲል ታላቅ እህቴ እታገኝ ወዳለችበት መካነ ሰላም መጣሁና የማታ ትምህርት ቤት ገባሁ። አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ነገር ያጠብቃል ይባላል፤ በእኔ ደርሷል። ፊርማዬ ትንሽ ከተዛነፈ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና እጽፋለሁ። ብዙ አልናገርም፤ የተናገርኩትን ግን ሰው ይይዘዋል። «ብርቄ ካለች አለች ነው» ይሉኝ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነውና።

ከዚያ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት አስተባባሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከከተማው በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው በረሃ ያሉትን ሦስት የንባብ ጣቢያዎች በየሳምንቱ መጎብኘት ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ በበቅሎ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይወርድ ነበር ሪፖርት የሚጽፈው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አካባቢ አንድ ፕሮጀክት ለመሥሪያ ቤታችን ብስክሌቶች ሰጠ። ከነዚያ ውስጥ አንዱ ማርሽ ያለው፣ ጎማው ወፍራም፣ ለተራራ የተሠራ ቀይ ብስክሌት ነበር። በረሃውን ለሚወርድ ሰው ነው የመጣው ተባለ። የሚወርድ ሰው ግን ጠፋ። ወንዶቹ ሁሉ ገደሉን ያውቁታል። ፌስታሉ መሪው ላይ እንደተጠቀለለ ግምጃ ቤት ተገትሮ ከረመ።

አንድ ቀን በስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና «እኔ እሞክረዋለሁ» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኃላፊያችን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ «ብርቄ፣ ለአንቺ የዋህ በቅሎ ብንፈልግልሽ አይሻልም?» አለኝ።

«በቅሎዋም እኮ ገደል ትገባለች» አልኩት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ዙሪያውን በየሳምንቱ ከጨረስሽ ብስክሌቱ በአንቺ ስም ይመዘገባል። ካልቻልሽ፣ ወይ ጤናሽ እንቢ ካለ፣ እሱ ወደ ግምጃ ቤት፣ አንቺ ወደ መዝገብ ቤት።»

መዝገብ ቤቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። መስኮት የለውም።

ብስክሌት ያስተማረኝ ሰይድ ነው። ሰይድ ከገበያው ዳር፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ ተቀምጦ ብስክሌት ይጠግናል፤ የመሥሪያ ቤታችንንም ብስክሌቶች የሚይዘው እሱ ነበር። ሰው ሳይነቃ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ኳስ ሜዳው ላይ ይጠብቀኛል። ቀሚሴን ከሱሪዬ በላይ አሸርጬ እመጣለሁ።

«እቱ፣ ኧረ አነቅሻት! ሳይክል ናት እንጂ ሌባ አይደለችም። መሪዋን ላላ አድርገሽ ያዣት!»

«ከላላሁ እወድቃለሁ።»

«ካነቅሻትም ትወድቂያለሽ። ላልተሽ ብትወድቂ ይሻላል፣ አጥንትሽ ይተርፋል።»

ሁለት ነገር አስተማረኝ፤ ሁለቱም ጠቅመውኛል። አንደኛው፣ ቁልቁለት ላይ ሰውነትን ከመቀመጫው ወደ ኋላ አሳልፎ ሁለቱንም ፍሬን በየሁለት ጣት ቀስ እያሉ መያዝ ነው። የፊቱን ብቻ የያዘ በመሪው ላይ ተገልብጦ ይሄዳል። ሁለተኛው «የፈራሽውን ድንጋይ አትይው» የሚለው ነው። «ካየሽው ትመቺዋለሽ። ዓይንሽን መንገዱ ላይ ጣይ፤ ሳይክሏ ዓይንሽን ነው የምትከተል።»

አሁን ዙሪያውን ልንገራችሁ። ከከተማው ጫፍ ከገብሱ ማሳ ይጀምራል፤ እዚያ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጥቂት እንደሄዳችሁ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከእግራችሁ በታች ቀይ፣ ቢጫና ግራጫ ገደል በገደል ላይ ተደራርቦ፣ ጭው ብሎ ይወርዳል። መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይገባበታል። ትወርዳላችሁ፤ ጆሮ ጧ ይላል፤ ብርዱ ከኋላ ይቀራል፤ ሙቀቱ ክዳኑ እንደተነሣ ድስት ከታች ፊት ይመታል። ገብሱ ይጠፋና ቁልቋል፣ እሬትና ግራር ይመጣል። ጎማው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ ሳህን ይንኳኳሉ። ከሥር ደረቅ ወንዝ አለ፤ ክረምት ካልሆነ ነጭ ጠጠር እንጂ ውሃ የማያውቅ። ከወንዙ ማዶ «ምላጩ» የምንለው ቦታ ይመጣል፦ በግራ አለት፣ በቀኝ ባዶ፣ መሐሉ ለአንድ በቅሎ የምትበቃ መንገድ። ከዚያ ሦስተኛው ጣቢያ ይደረስና ወደ ደጋው የሚመልሰው ዳገት ይጀምራል። ስሙ «አህያ አስለቃሽ» ነው። ስሙ ይበቃል።

መጀመሪያ ላይ ዙሪያው ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ግማሹን ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ አንዳንዴም ተሸክሜው ነው የምሄደው። የበረሃው ሴቶች ከየግራሩ ጥላ ብቅ እያሉ ይስቁብኛል። «ኧረ ጉድ በሉ! እሷ ናት ሳይክሉን የምትጋልብ ወይስ ሳይክሉ ነው እሷን የሚጋልብ?» እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሰው ስቆብኝ አልተሸማቀቅኩም። አብሬ ሳቅኩ!

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ፈጠንኩ። ሁለት ቀኑ አንድ ተኩል፣ አንድ ተኩሉ አንድ ቀን ሆነ። ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የለም፤ ቀድሜ ነቅቼ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። የማነበው መጽሐፍ በሁለት ቀን ያልቃል። እበላለሁ፣ እበላለሁ፣ አልጠግብም። «አሁን ገና ሰው ሆንሽ» ትላለች እታገኝ ሦስተኛ እንጀራ እያወጣችልኝ። ቀሚሴ ግን ይሰፋኛል። በደጋው ብርድ ሁሉ ጋቢ ሲደርብ እኔ ላብ ያሰምጠኛል። ልቤ ከዳገቱ በኋላ ብቻ ሳይሆን፣ ተቀምጬም፣ መጽሐፍ ይዤም ከበሮ ይመታል። ይህን ሁሉ ጥንካሬ ነው አልኩት። ማን ነው ጥንካሬን ሐኪም ቤት የሚወስደው?

አህያ አስለቃሽን ሳልወርድ የወጣሁት በዚያ ሰሞን ነው። በትንሹ ማርሽ፣ ትንፋሼ እያፏጨ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ፣ አሁን እወርዳለሁ ስል እግሬ እንቢ እያለ! አፋፉ ላይ ስደርስ ነፋሱ ተቀበለኝ። ብቻዬን ነበርኩ። እልል አልኩ። እኔ፣ ሰርግ ላይ እንኳ አፌን በነጠላ የምሸፍነው ሴት፣ ለማንም ሳይሆን ለገደሉ እልል አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ አንገቴ ልናገር። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ እብጠት ወጣ። በእኛ ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም። እናቴ ነቃሽ አስመጥታ አንገቴን ዙሪያውን አስነቀሰችኝ። ንቅሳት ለውበትም ነው፣ እንቅርቱም ከመስመሩ አያልፍም ይባላል። ደርዝ በደርዝ የተሰመረ አንገት ይዤ አደግሁ፤ በገጠር ሳለሁ ኮርቼበታለሁ። ከተማ ገብቼ የማታ ትምህርት ስጀምር ግን አንዷ ተማሪ ከኋላዬ «እቺ መስመር ያለው ደብተር አንገቷ ላይ አለ፣ ሌላ ደብተር ምን ያስገዛታል?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። በማግሥቱ አንገቴን በሻሽ ጠቀለልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሹን ከቤት ውጪ አውልቄው አላውቅም፤ በበረሃውም፣ ብስክሌት ላይም፣ ሐኪም ፊትም ቢሆን።

የወደቅሁት ምላጩ ላይ ነው።

ሰዓቱ ረፋድ ነበር። መንገዱን እያየሁ፣ ፍሬኑን እንደተማርኩት በየሁለት ጣት ይዤ፣ በደህና እየሄድኩ ነው። ልቤ ድንገት እንደ ተያዘች ወፍ ተንፈራገጠ፤ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል። ከዚያ ዓይኔ ላይ ጥቁር መጋረጃ ወረደ። ስነቃ ጉንጬ ድንጋይ ላይ ነው። አንዲት ፍየል አጠገቤ ቆማ የተማሪዎቼን የስም መቆጣጠሪያ ትበላለች። አንዱን ገጽ ጨርሳ ሁለተኛውን ጀምራለች። ምን ያህል ጊዜ ራሴን ስቼ እንደነበር የማውቀው በእሷ ነው። ብስክሌቱ በአለቱ በኩል ወድቋል። በቀኝ በኩል ወድቆ ቢሆን፣ ወይም እኔ በቀኝ በኩል ወድቄ ቢሆን፣ ይህን የምትጽፍ ሴት አትኖርም ነበር።

ከሞት ያስፈራኝ ግን፣ አላህም እግዜርም ያውቃል፣ መዝገብ ቤቱ ነበር።

በሳምንቱ ግምገማ ነበረን። የዚያን ዘመን ግምገማ የሠራበት ያውቀዋል፤ ሰው በተራ እየተነሣ ባልደረባውን ይነቅፋል፣ ራሱንም ይነቅፋል፣ የተባለው ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ፊቴ ተቧጭሯል፣ ክንዴ ታሥሯል። ኃላፊው «ጓዶች፣ ስለ ብስክሌቱ አደጋ ግለ ሂስ እንስማ» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ሳትኩ ብል በዚያው ሰዓት ብስክሌቱ ግምጃ ቤት ይገባል።

«ፍሬኑ አልያዘልኝም» አልኩ።

ማንም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ብርቄ ካለች አለች ነው። ጸሐፊው ጻፈ። ከመካከላቸው አንዱ «ጥፋቱ እንግዲህ የጠጋኙ ነው» አለ፤ ያም ተጻፈ። የመሥሪያ ቤቱ ብስክሌቶች ከዚያ ወዲያ ወደ ሰይድ እንዳይሄዱ ተወሰነ። እኔ ጠንቃቃ ነኝ የምለው ሴት፣ ፊርማ ሲዛነፍ ወረቀት የምቀደው፣ ከቃለ ጉባኤው ሥር ቀጥ ያለ ፊርማዬን አኖርኩ።

ሰይድ ማታ ላይ እታገኝ ቤት መጣ። አዲስ የፍሬን ሽቦ ይዞ ነበር። አሮጌውን አውልቆ አዲሱን ገጠመ። ሲሄድ «አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈሽልናል» አለኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ከዚያ የክሊኒኩ ዘመን መጣ። የመጀመሪያው ደሜን አይቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ሁለቱም አሉብሽ» አለኝ። አሥር ቀን መርፌ ተወጋሁ። ሁለተኛው ቆላ እንደምወርድ ሲሰማ ሳይጨርስ ወባ ነው አለ። ሦስተኛው ሆዴን ጫን ጫን አድርጎ ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬ ከለከለኝ። አንዱማ «ጭንቀት ነው፤ አግቢ፣ ውለጂ» ብሎ ወረቀት ላይ ምንም ሳይጽፍ ሸኘኝ። ደመወዜ በክኒን አለቀ። ሁሉም ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፦ «ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ?» «አላውቅም» እላለሁ። የሕመም ፈቃድ ወረቀቱ መሥሪያ ቤት ነው የሚሄደው፤ ታዲያ ምን ልበል? እነሱ ተሳሳቱ ብዬ ብዙ ከሰስኳቸው። ግን ማወቅ የሚገባቸውን ነገር ደብቄ፣ ማየት የሚገባቸውን አንገት ሸፍኜ፣ በምን ይወቁት?

ሐኪም ለሚያታልሉ ሁሉ ይህን እመክራለሁ፦ ሐኪም ጠንቋይ አይደለም። ያልነገራችሁትን አያውቅም።

ቤትም ታመመ። እታገኝ ብስክሌቱ ላይ ጥርሷን ነክሳለች። «እሱ ነው ሆድ ዕቃሽን ያናወጠው! ሴት ልጅ ብረት ላይ ተቀምጣ ገደል ስትንከባለል የት አገር ታይቷል?» እኔ ደግሞ ዝም የምለዋ እህቷ ቀርታ ሌላ ሰው ሆኛለሁ፤ ትንሽ ነገር ያነደኛል። አንድ ጠዋት እጄ ተንቀጥቅጦ የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። «ይኸው!» ስትል «ዝም በዪ! አንቺ ማንበብ የማታውቂ!» አልኳት።

ይህን ቃል ያወጣው በሽታው ይሁን እኔ፣ ይህንንም አላውቅም። ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት በጎቿን ሸጣ ብሩን መጽሐፌ ውስጥ አስገብታልኝ አገኘሁ። «ደሴ ሂጂ» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ተምረሽ ስትሞቺብኝ አላይም።»

ደሴ ለመድረስ በአቀስታ በኩል ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገጫገጭኩ። ተሳፋሪው መስኮት ዝጉ ይላል፣ እኔ ክፈቱ እላለሁ። በማግሥቱ ንጋት ላይ ሆስፒታሉ ደጃፍ ተሰለፍኩ። መጠበቂያው ክፍል አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ደካማው ይተኛል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ካርድ ጠሪው በደከመ ድምፅ ይጮኻል፤ ስም ሲጠራ ሁሉም ቀና ይልና ሁሉም ይመለሳል። አጠገቤ ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያ ይዘዋል፤ ወገባቸውን ሊታዩ ነው የመጡት።

«ኸየት ነሽ ልጄ?»

«ከመካነ ሰላም፣ እትዬ።»

«ወይ የአላህ ያለህ፣ ኸሩቅ ነዋ! አብሽሪ፣ ትድኛለሽ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ አዩኝ። «ኸዚህ ሁሉ ሰው መሐል ላብ የሚያጠምቀው አንችን ብቻ ነው። ያን ሻሽ አውልቂው እንጂ! ልትታነቂ ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ደህና የሆነ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አሉና እጃቸውን ሰደዱ። አልቻልኳቸውም፤ የሽማግሌ እጅ ይመታል እንዴ? ሻሹ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። አንገቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ።

እሳቸው ሻርፓቸውን ዝቅ አደረጉ። አንገታቸው ላይ እንደ እኔው ደርዝ በደርዝ የተሰመረ ንቅሳት አለ። «ማን አሳፈረሽ?» አሉኝ። «ሐራም ነው ብለው ሸሆቹ ሲቆጡን ያሳፈረኝ የለም፣ አንችን ማን አሳፈረሽ?» እጄን ከአንገቴ አነሡት። ያን ጊዜ ጠጋ ብለው አዩት። «ልጄ፣ መስመርሽ እኮ ተለጥጧል። እንቅርትሽ አድጓል።»

እኔ በመስታወት እንኳ አንገቴን ካየሁት ስንት ዘመኑ!

ስሜ ሲጠራ ዱላቸውን ይዘው ተከተሉኝ። በረኛው «እናቷ ነዎት?» ቢላቸው «ዛሬ ነኝ» አሉት። ሐኪሙ ገና ሆዴን ሊነካ ሲል «ዶክተር፣ ሆዷን ተወው! አንገቷን እይ!» አሉት።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ አልተቆጣም። ከኋላዬ ቆሞ ጣቶቹን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈ። «ዋጪ» አለኝ። ዋጥኩ። እጄን ዘርጊ አለኝና ወረቀት ላዩ ላይ አኖረ፤ ወረቀቱ እንደ ባንዲራ ተርገበገበ። ሥራዬን ጠየቀኝና ነገርኩት፤ የልቤን ምት በሰዓቱ ቆጠረና ቅንድቡን አነሣ። «ይህን ልብ ይዘሽ ነው ገደል የምትወጪው?»

በቀላሉ አስረዳኝ። ጉሮሮ ላይ ቢራቢሮ የምትመስል እጢ አለች፤ ሰውነት ምን ያህል መሥራት እንዳለበት የምታዝ እሷ ናት። የእኔዋ አብጣ፣ ትእዛዝ አላቆም ብላለች። ርሃቡ፣ ላቡ፣ ንዴቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ፍጥነቱ ሁሉ ከእሷ ነው። «ሰውነትሽ ፍሬን እንደሌለው ብስክሌት ቁልቁል እየሮጠ ነው» አለኝ። እሱ ምሳሌ ነበር የሰጠኝ፤ እኔ ግን ፊቴ ቀላ። «ወድቀሽ ታውቂያለሽ?» ሲለኝ «ከብስክሌት» አልኩ። እዚያም እውነቱን ግማሽ አደረግኩት።

ደሜ አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ፤ ውጤቱም እንዳለው ሆነ። ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ትንሽ ነጭ ክኒን ተሰጠኝ፤ ልቤን የሚያረጋጋ ሌላም ተጨመረ። ብስክሌት ተከለከልኩ፤ መሥሪያ ቤት «የጉሮሮ ሕክምና» የሚል ወረቀት አስገባሁ። ክኒኑ ቀስ ይላል። በየቀኑ ጠዋት ወረቀቱን እጄ ላይ አኖራለሁ፤ በየቀኑ ይርገበገባል። አንድ ቀን አልተርገበገበም! «እታገኝ! ነይ እይ!» ብዬ ጮኽኩ። ሮጣ መጥታ ወረቀቱን አየችው። «ምን ተጽፎበታል?» አለችኝ። «ምንም!» አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን። ፊደል ማስቆጠር የጀመርኳት በዚያው ሳምንት ነው።

እጢው ግን ትልቅ ነበርና በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ተወሰነ። የድምፅ ነርቭ ከአጠገቡ ስለሚያልፍ ድምፄ ሊጎዳ እንደሚችል አስፈርመውኛል። ከሁሉ የፈራሁት ይህን ነው፤ ድምፅ የሌላት ምን ታስነብባለች? ቀዶ ጠጋኙ አንገቴን በብዕር ሊያሰምርበት አለና ተወው። «እናትሽ አስምራልኛለች» አለ። በታችኛው ንቅሳት ላይ ነው የቀደደው፤ ዛሬ ጠባሳው የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ የለም።

ስነቃ አንዲት ነርስ «እስቲ አንድ ነገር ተናገሪ» አለችኝ።

«ማርሽ» አልኩ። ድምፄ ሻክሮ ነበር፤ ግን የእኔው ነበር። «ፔዳል። ካቴና። ጎማ።»

ነርሷ ወደ ባልደረባዋ ዞራ «ይህቺ ማደንዘዣው አልለቀቃትም» አለች። ለቆኝ ነበር!

ከጥቂት ወራት በኋላ ሐኪሙ ብስክሌት ፈቀደልኝ። መሥሪያ ቤትም ቀዩን ብስክሌት መለሰልኝ፤ የኃላፊው ቃል ግን እንዳለ ነው። በአንድ ቅዳሜ፣ አንገቴን ለነፋስ ከፍቼ፣ ወረድኩ። ሴቶቹ «መጣች! ሞታለች ያላችሁት የታላችሁ?» እያሉ ወጡ። ምላጩን ወርጄ በእግሬ አለፍኩት። አህያ አስለቃሽ ላይ አምስት ጊዜ ወረድኩ፤ ልቤ ይመታል፣ ስቀመጥ ግን ይረጋጋል። ይረጋጋል! በዚያ ፍጥነቴ አይቼው የማላውቀውን አየሁ፤ አለቱ ሥር የተደበቀ የሽኮኮ መንጋ፣ እሬት ላይ የተንጠለጠለ የወፍ ጎጆ። ደስ አለኝ፤ ይህኛው ደስታ የእኔ ነው። ግን አፋፉ ላይ ስደርስ እልል ማለት አቃተኝ። ከፊት ለፊቴ ከተማው ይታያል፣ ገበያው ይታያል፣ የገበያው ዳር ይታያል።

ቤት አልገባሁም። ከነአቧራዬ ገበያውን ሰንጥቄ ሰይድ ፊት ቆምኩ። አንድ ጎማ ይነፋ ነበር።

«እቱ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ምን ሆነች፣ ተነፈሰች?»

«ደህና ናት። ሰይድ፣ ያን ጊዜ ፍሬኑ ደህና ነበር። አልተበላሸም። ራሴን ስቼ ነው የወደቅሁት። ብስክሌቱን እንዳይነጥቁኝ ብዬ ዋሸሁ።»

መንፊያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር። «አውቅ ነበር» ቢለኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«እኔ እኮ አምኜሽ ነበር» አለ። «እጄ ደህና ነው ይለኛል፤ አንቺ ግን አልያዘም አልሽ። ከእጄ አንቺን አመንኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሬን ነክቼ አላውቅም፣ ወላሂ! ፍሬን ይዞ የመጣውን ሁሉ ወደ ሌላ ነው የምልከው። ጎማ ብቻ ነው የምለጥፍ። ሰው ልገድል ነበር እያልኩ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም አልኩት።

ተነሣ። ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። «አንተ! መኪናህን አቁምና ና! ና ስማ!» ከዚያ ወደ እኔ፦ «ድገሚው።»

«ፍሬኑ ደህና ነበር» አልኩ።

«አልሰማም። ያች በርበሬ ሻጯም አልሰማችም።»

«ሰይድ፣ እባክህ...»

«ስትዋሺ ጉባኤ ፊት ነው የዋሸሽ።»

ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሐኪሞቹ ያተረፉልኝን ድምፅ ሁሉ ሰበሰብኩ። «የሰይድ ፍሬን ደህና ነበር! አልተበላሸም! ታምሜ ነው የወደቅሁት! ዋሽቼ ነው!»

በርበሬ ሻጯ ሚዛኗን አስቀመጠች። አንድ ሰው ሳቀ፣ አንዱ «ምን ሆነች?» አለ፣ ልብስ ሰፊው «አላልኩህም!» ብሎ የሰይድን ትከሻ መታ። ሰይድ የብስክሌቴን የፍሬን መያዣ በሁለት ጣት ጨበጠው፤ ለቀቀው፤ ደግሞ ጨበጠው።

«ሰኞ ደግሞ ቢሮ እንዲሁ ትጮሂያለሽ» አለኝ።

«ብስክሌቱን ይነጥቁኛል።»

«ይንጠቁሽ። ቁልቁለቱን እስኪፈቅዱልሽ የእኔን ትነጃለሽ፤ አሮጌ ናት፣ ማርሽ የላትም።» የመፍቻ ሣጥኑን ዘጋ። የገበያ ቀን፣ ሰው ጎማ ይዞ ተሰልፎ እየጠበቀው፣ ሣጥኑን ዘግቶ ልብስ ሰፊውን አስከትሎ ሻይ ቤት ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።